አያ ጅቦና ኮንት ኦላፍ

ለልጆች ሞትን የሚተርክ ሰው ድምፁን ማለስለስ የለበትም። «ወላጆቻቸው በእሳት ቃጠሎ ሞቱ» ብሎ፣ የጤፍ ዋጋ እንደሚናገር ነጋዴ ደረቅ አድርጎ ተናግሮ ያልፋል። ድምፁን ካለሰለሰ ልጆቹ ታሪኩን ትተው የእሱን ፊት ማየት ይጀምራሉ። «ማዘን አለብን ማለት ነው» ብለው ይዘጋጃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀልድ ሁሉ ያመልጣቸዋል።

ይህን በተግባር ያየሁት የሌመኒ ስኒኬትን መጻሕፍት መተረክ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ሌመኒ ስኒኬት የአሜሪካዊው ደራሲ የዳንኤል ሃንድለር የብዕር ስም ሲሆን፣ ከ1999 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. 13 ተከታታይ መጻሕፍት ለልጆች የወጡበት ነው። ሦስቱ የቦድሌር ልጆች፣ ቫዮሌት፣ ክላውስና ያገኘችውን ሁሉ የምትነክሰው ሕፃኗ ሰኒ፣ እናትና አባታቸውን በአንድ ቀን በእሳት ቃጠሎ ያጣሉ። የወላጆቻቸውን ሀብት ሊነጥቅ የቆረጠው ኮንት ኦላፍ መልኩን እየለዋወጠ በሄዱበት ይከተላቸዋል። ልጆቹ ወዲያው ያውቁታል፤ ትልልቆቹ ሰዎች ግን አይለዩትም። የመጽሐፉ ጀርባ ሳይቀር «ሌላ ደስ የሚል ነገር አንብብ» እያለ አንባቢውን ሊያባርር ይሞክራል። እኔ እንግሊዝኛውን በእጄ ይዤ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ የማንበቢያ ክፍል፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች በአማርኛ እተርከዋለሁ።

ልጆቻቸውን ሊወስዱ የሚመጡ እናቶች በር ላይ ቆመው ትንሽ ያዳምጡና፣ «መምህር፣ ለመሆኑ ምክሩ ምንድን ነው?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ያደግነው በከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው፤ ከዚያም አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለአርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ቀርበው ተረቱን ከምክር ጋር አጉርሰውናል። እሳቸውን የመሰለ ተራኪ እስካሁን አላየሁም። ነገር ግን ከቴሌቪዥኑ በፊት በየቤቱ፣ በእሳት ዳር ይነገር የነበረው ተረት እንዲህ ርኅሩኅ አልነበረም።

እንስሳት ኃጢአታቸውን የተናዘዙበትን ተረት አስቡት። ክፉ ዘመን ይመጣና «ከመካከላችን ማን ቢበድል ነው?» ተብሎ ሁሉም እንዲናዘዝ ይወሰናል። አንበሳው የሰው በሬ መብላቱን ይናገራል፤ «ይህማ ምን ኃጢአት አለው!» ይሉታል። ነብሩም ፍየል፣ ጅቡም የሰው ከብት መብላታቸውን ይናዘዛሉ፤ እነሱም ነጻ ይወጣሉ። በመጨረሻ አህያ፣ ጌታዋ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወጋ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር መንጨቷን ትናገራለች። ሁሉም በአንድ ድምፅ «መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ይሉና ይበሏታል። ተረቱ እዚያው ያልቃል። ስተርከው ልጆቹ ይስቃሉ፤ የሚስቁት በአህያዋ ሳይሆን በፍርድ ሸንጎው ነው። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለውን አባባል ከልጅነታቸው ያውቁታልና ኮንት ኦላፍ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አይሆንባቸውም። ርቦታል፣ ይዋሻል፣ ሰበብ ይፈልጋል፤ እነሱም ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሮ «አያ ጅቦ መጣ» ይሉታል። እኔም አላረምኳቸውም።

ጨለማ ታሪክ ለልጅ አይገባም የሚለኝን ሰው ወደ ዘጌ እንዲሻገር እጋብዘዋለሁ። በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ ተሥሏል፤ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው የበላው ሰው። በመጨረሻ የዳነው ለአንድ የተጠማ ድውይ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። ትልልቆቹ ሥዕሉ ፊት ቆመው ስለ ውኃው ያወራሉ። ልጆች ግን ስለ 78ቱ ይጠይቃሉ፤ ማን ማን ነበሩ? እነሱስ የት ሄዱ? ለልጅ መተረክ የሚፈልግ ሰው ይህን ጥያቄ አፍ ሳያስይዝ መስማት መቻል አለበት።

ያም ሆኖ ሁሉም ልጅ በአንድ ቦታ አይስቅም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ኮንት ኦላፍ ቲያትር አዘጋጅቶ፣ በመድረክ ጨዋታ አስመስሎ የ14 ዓመቷን ቫዮሌት በእውነተኛ ሕግ ሊያገባት ይሞክራል። በዚያ አገር ሕግ አሳዳጊ ከፈቀደ ይቻላል፤ አሳዳጊዋ ደግሞ ራሱ ነው። በአሜሪካ በዚህ ጋብቻ ምክንያት መጽሐፉን ከልጆች ያራቁ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እኛ ዘንድ የጋብቻ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ነው፤ ነገር ግን የአማራ ክልል ልጅ ከዚያ በፊት ስለተዳረች አክስት ወይም ጎረቤት ሳትሰማ አታድግም። ወንዶቹ በኦላፍ ትወና እየተንከባለሉ ሲስቁ፣ ሴቶቹ ጸጥ አሉ። አንዷ፣ «ጋሼ፣ ዳኛዋ ለምን ልጅቷን አልጠየቀቻትም?» አለችኝ። ዳኛዋ ጎረቤታቸው ናት፤ ክፉ አይደለችም፤ መድረክ ላይ መውጣቷ ብቻ አስደስቷታል። ከስኒኬት ክፉ ሰዎች ይልቅ ልጆቹን የሚያናድዷቸው እንዲህ ያሉ ደጎች ናቸው። የባንክ ሠራተኛውን ሚስተር ፖን፣ ዘወትር እያሳለ የማይሰማውን፣ ከኦላፍ አብልጠው ይጠሉታል።

እዚህ ላይ ተራኪው መቸኮል የለበትም። ቫዮሌት ቀኝ እጇን ትታ በግራ እጇ ስትፈርም፣ «በራሷ እጅ መፈረም አለባት» የሚለው ሕግ ሲፈርስ፣ ዝም ብዬ ጥቂት እቆያለሁ። ምክንያቱን ቀድሜ ካልተናገርኩ አንዷ ቀድማኝ ትጮኻለች። ከዚያ መብራት ይጠፋና ኦላፍ ያመልጣል። መብራት መጥፋቱን ለባሕር ዳር ልጅ ማብራራት አላስፈለገኝም።

የእሳቱ ነገር ግን ከበድ ይላል። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ባሕር ዳር የመጡ፣ ቤታቸው ሲቃጠል ያዩ ልጆች አሉ። ስለዚህ አዲስ ልጅ ካለ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አልጀምርም፤ አያ ጅቦን እተርካለሁ፣ ልጁን ያመጣውን ሰውም ለብቻ አነጋግራለሁ። ይሁን እንጂ ከእነዚሁ ልጆች አንዱ፣ ታሪኩን ከሌሎች ሰምቶ ኖሮ፣ «የእሳቱን አንብብልኝ» ብሎ ጠየቀኝ። ስጨርስለትም ስለ እሳቱ ምንም አላለም፤ «ሰኒ ጥርሷ ስንት ነው?» ብቻ አለ።

ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጡትን እነዚህን መጻሕፍት ትልልቅ አንባቢዎች «ተደጋጋሚ ናቸው» ብለው ይነቅፏቸዋል። አዲስ አሳዳጊ፣ አዲስ መልክ ያለው ኦላፍ፣ የማያምን አዋቂ፣ ሽሽት። ለብቻ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው ነቀፋው ልክ ነው። በአፍ ሲተረክ ግን ልጆቹ ድግግሞሹን ይጠብቁታል፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እንደሚሉት ሁሉ፣ ሚስተር ፖ አፉን ሲከፍት አብረው ያስላሉ።

የመጨረሻውን መጽሐፍ በተመለከተ ግን ከነቃፊዎቹ ጋር ነኝ ማለት ይቻላል። በኋለኞቹ መጻሕፍት ደጉም ክፉውም አንድ የስኳር ዕቃ ሲያሳድዱ ይኖራሉ፤ ውስጡ ምን እንዳለ በ13ቱም ውስጥ አይነገርም። የእኔ አድማጮች በጣም ተቆጡ። አንዱ «ባዶ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ደራሲውም አያውቅም፣ ቢያውቅ ኖሮ አፉን መያዝ አይችልም ነበር» አለች። ኔትፍሊክስ በ2019 እ.ኤ.አ. በጨረሰው ተከታታይ ፊልም መልስ ሰጥቶበታል፤ እኔ ግን አልነገርኳቸውም። አንዱ በታላቅ ወንድሙ ስልክ ፈልጎ ያገኘው ይመስለኛል። ጓደኞቹ ከበው ሲለማመጡት ፊቱን አኮሳትሮ፣ «ባትሰሙት ይሻላችኋል፤ ሂዱና ሌላ ደስ የሚል ነገር ስሙ» ይላቸዋል።