ቮልት አለ፣ መብራት የለም

የአሮጌ መኪና እድሳት ቪዲዮ ሱስ አለብኝ። ታውቁታላችሁ፣ ያው ሁሉም አንድ ነው። መጀመሪያ ወለሉ የተበሳ፣ ዶሮ ያደረበት የሚመስል ቮልስ ይታያል። ፍሌክሱ ይጮኻል፣ ስቱኮ ይለጠፋል፣ ቀለም ይነፋል። ከዚያ ሙዚቃው ይቀየርና አንድ እጅ ቁልፍ ያዞራል። ሞተሩ ይነሳል፣ እኛም ላይክ እናደርጋለን።

በአብዛኞቹ ውስጥ ግን አንድ ትዕይንት ይጎድላል፤ ከክሩስኮቱ ሥር ያለው የሽቦ ጫካ። ካሜራው እዚያ ሲደርስ ይዘላል። ለምን እንደሚዘል ይገባኛል። ሽቦ ለፎቶ አይመችም። ለሳምንታት አንገትህን ጠምዝዘህ ሙሉውን ዝርጋታ ብትቀይር፣ ክሩስኮቱ ከላይ ሲታይ ያው የድሮው ክሩስኮት ነው። ማንም «ዋው» አይልህም።

ቅሬታዬ በዚህ የጎደለ ትዕይንት ላይ ነው። ንጹሕ ነኝ አልልም። እኔም እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሠርቻለሁ፣ ላይኩንም ሰብስቤያለሁ።

የአባቴ ቮልስ የ1965 ሞዴል ናት። ሰማያዊ ቀባኋት፣ ወንበሯን አለበስኩ፣ ጎማዋን ቀየርኩ። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ያደረግሁት ነገር ቢኖር መብራቶቹን አንድ በአንድ ማብራት ብቻ ነበር። በሩ፣ በርቷል፣ ጨርሻለሁ። ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴን ከኋላ አስቀምጬ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስወርድ ዝናብ ያዘን። ዋይፐሩን አስነሳሁ፣ የፊት መብራቱን አበራሁ። ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቀጥሎ ጢሱ ከክሩስኮቱ ሥር ቀስ ብሎ፣ ሰው ሲጋራ የሚያጨስ ይመስል፣ ወጣ።

የቮልስ ባትሪ የት እንዳለ ለማታውቁ፦ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። እህቴ የተቀመጠችው እሱ ላይ ነበር። በዝናብ አስወረድኳት፣ ወንበሩን ነቅዬ ጣልኩት፣ የኔጌቲቩን ራስ በእጄ ስስብ እምቢ አለ። ከኋላችን የቆመ የታክሲ ሹፌር ፒንሳ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሽቦው ተላቀቀ፣ ጢሱም ቆመ። እህቴ እስካሁን ያቺ መኪና ውስጥ አልገባችም። አልፈርድባትም።

መኪናዋን በታው ካ ጎትተን ሰፈራችን ላለ አውቶ ኤሌክትሪሺያን ወሰድናት። ሰፈሩ «ጋሼ» ብቻ ነው የሚለው። ክሩስኮቱ ሥር በጀርባው ተኝቶ ገባና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁ ብቻ መጣ፦

«ልጄ፣ ይቺን መኪና ስንት ሰው ነው የነካት?»

ታሪኩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። የ1965 ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ 6 ቮልት ነበረች። (ለአሜሪካ ገበያ የሚላኩት እንኳ ወደ 12 የተሻገሩት በ1967 ሞዴል ነው።) የኛን ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ወደ 12 አሻግሯታል። ባትሪውን፣ ዲናሞውን፣ አምፖሎቹን ቀይሯል። የዋይፐሩን ሞተር ግን ትቶታል። 6 ቮልት የሚፈልገው ሞተር በ12 እንዳይቃጠል በመሐል ሬዚስተር አስገብቷል። ይህ ስሕተት አይደለም፣ የታወቀ መላ ነው። ነገር ግን ሬዚስተር የተረፈውን ቮልት ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ብቻውን፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ ብረት ላይ መታሰር አለበት። የኛ በናስትሮ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር አብሮ ተጠቅልሏል። ዝናብ ሲዘንብ ዋይፐሩ ይሠራል፣ ሬዚስተሩ ይግላል፣ ጎረቤቱ ያለው ሽቦ ልባሱ ይቀልጣል፣ የተራቆተው መዳብ ቦዲውን ይነካል። ያኔ ፊውዙ መቃጠል ነበረበት።

አልተቃጠለም። ፊውዙ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት ተጠቅልሎበት ነበር።

ስለዚህች ብር ወረቀት ብዙ አስቤያለሁ። የቮልስ ፊውዝ ትንሽ የሴራሚክ ዘንግ ነው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16። ሥራው መሞት ነው። ደጋግሞ ሲሞት «አንድ ቦታ ችግር አለ» እያለህ ነው። ብር ወረቀቱ ይህን ዓረፍተ ነገር ይሰርዘዋል። መኪናው ይሄዳል፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ችግሩ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ዝናብ ይጠብቃል።

ጋሼ «ስዕሉን አምጣ» ሲለኝ የፋብሪካውን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ስዕል ከኢንተርኔት አውርጄ በሁለት ኤ3 ወረቀት አሳተምኩ። መጀመሪያ ላይ ምንም አይገባም። እየቆየ ግን አንደኛ ደረጃ ጽሑፍ ሆኖ አገኘሁት። ጀርመኖች ዲን 72552 የሚባል ደረጃ አላቸው፤ የሽቦ ጫፍ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በቁጥር ይጠራል። 30 ሁልጊዜ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ፖዘቲቭ ነው። 15 ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚነሳ። 31 ግራውንድ። 50 ወደ ሞተሪኖ። 56ሀ ረጅም መብራት፣ 56ለ አጭር (ጀርመኖቹ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት)። 49 ወደ ፍሬቻው ሪሌ። ቅጽል የለም፣ ማብራሪያ የለም። ቁጥሩን ካወቅህ የትኛውም ጀርመን ሠራሽ አሮጌ መኪና ሥር ገብተህ ማንበብ ትችላለህ።

ትርጉም ላይ ግን ሰው ይሳሳታል። እኛ ከባትሪ የለመድነው ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጌቲቭ ነው። በዚህ ስዕል ውስጥ ግራውንዱ ቡናማ ነው። ጥቁሩ በአብዛኛው 15 ነው፤ ቁልፍ ስታዞር እሳት ያለበት። ጋሼ የኛ መኪና ውስጥ አንድ ጥቁር ሽቦ ቦዲው ላይ በቡሎን ታስሮ አገኘ፤ ሌላኛው ጫፉ ተቆርጧል። አንድ ቀን አንድ ሰው ጥቁርን «ኔጌቲቭ» ብሎ አንብቦ አሰረው፣ ፊውዝ ተቃጠለበት፣ ግራ ገባው፣ ቆርጦ ጣለው። ምናልባት ብር ወረቀቱ የመጣው በዚያው ቀን ይሆናል።

ስዕሉንም ቢሆን አላመልከውም። የሚደብቀው ባይኖርም የማይጮኽበት ነገር አለ፦ ከኋላ ወደ ፊት የሚመጣው ዋናው ቀይ ሽቦ በመንገዱ ላይ ፊውዝ የለውም። መስመሩን በጣት እየተከተላችሁ ካልሄዳችሁ አታዩትም። መኪናው አዲስ ሳለ ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ስልሳ ዓመት ብረት ላይ ሲፋተግ ለቆየ ሽቦ ግን ችግር ነው።

በዚሁ ሰሞን ነው የጆን ሙየርን መጽሐፍ ያነበብኩት። «ሃው ቱ ኪፕ ዮር ቮልስዋገን አላይቭ» እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ ምንም ለማያውቅ ሰው የተጻፈ የቮልስ መጠገኛ ነው። ሙየር መሐንዲስ ነበር፣ ያንን ሥራ ትቶ ወጣ። ሥዕሎቹ የፒተር አሽዋንደን ናቸው፣ ለብቻቸው መጽሐፍ ይሆናሉ። የመኪናና የጽሑፍ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ የፒርሲግን የሞተር ብስክሌት መጽሐፍ ይጠራል። እኔ ሙየርን እመርጣለሁ፤ እሱ እጁ ቅባት ነው።

ጥንካሬው ፍርሃትን ማወቁ ነው። የፋብሪካ ማኑዋል በክፍል ይከፋፈላል፦ ሞተር፣ ፍሬን፣ ኤሌክትሪክ። ሙየር ግን መንገድ ዳር ቆሞ ከሚርበተበት ሰው ይነሳል። አልነሳ ብትልህስ? ቀይ መብራት ቢበራብህስ? ከኛ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚያወራ ጋሼ ይመስላል። በአማርኛ እንዲህ ያለ የቴክኒክ ጽሑፍ ቢኖረን ብዬ ቀንቻለሁ፤ እውቀቱማ አለ፣ ጀርባው ላይ ተኝቶ ክሩስኮት ሥር ነው ያለው።

የኤሌክትሪክ ነገር ላይ ግን አልበቃኝም። ሙየር በጻፈበት ጊዜ የአንባቢው ቮልስ ቢበዛ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ሽቦዋ በአብዛኛው ፋብሪካው ያስቀመጠው ነው። ስለዚህ ከምልክት ወደ ምክንያት መሄድ ያስኬዳል፤ አንድ ነገር ተበላሽቷል፣ እሱን ፈልግ። የኛዋ ላይ የተበላሸው አንድ ነገር አይደለም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች እየተፈራረቁ የጻፉባት ወረቀት ናት፤ የቤት መብራት ሽቦ አለ፣ የስልክ ገመድ አለ፣ ከስቴሪዮ ስፒከር የተቆረጠ አለ። አንዱን ምልክት ስታክም ሌላው ይነሳል። በሙየር መንገድ ሦስት ቅዳሜ ከሄድኩ በኋላ ጋሼ ሳቀብኝ።

«ቴስተርህን አምጣ» አለኝ። የግራ የፊት መብራት ደብዛዛ ነበር። ሶኬቱን ነቅሎ ለካ፦ 12.5 ቮልት። ሙሉ! አምፖሉ ነዋ ችግሩ፣ አልኩ። ሶኬቱን መልሶ ሰካው፣ መብራቱን አበራ፣ ከጀርባው በኩል እንደገና ለካ። 9.1።

«ቮልት አለ፣ መብራት የለም» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሽቦ ውስጥ ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አሉ። ዝገት በልቷቸው ሁለት ሦስት ክር ብቻ ቢቀር፣ ምንም ሳይጫንበት ስትለካው ሙሉ 12 ያሳይሃል። ቴስተሩ የሚጠይቀው ኢምንት ነው፣ ለዚያ አንድ ክርም ይበቃል። ጭነት ስትሰጠው ግን፣ 55 ዋት አምፖል አራት ተኩል አምፔር ገደማ ሲጠይቀው፣ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረው ደግሞ አይጠፋም፣ እዚያው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው ልኬት መብራቱ እየበራ ነው፦ አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ እግር ላይ። የሚታየው ቁጥር መንገድ ላይ የተበላው ነው። ግማሽ ቮልት ካለፈ ጠርጥር። በኔጌቲቩም በኩል እንዲሁ ማድረግ ነው፤ እንዲያውም አሮጌ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ግራውንዱ ነው፤ ቀለም ወይም ዝገት ላይ የታሰረ ቡናማ ሽቦ። እኔ ራሴ ቦዲውን ስቀባ ሁለቱን የግራውንድ ቦታዎች በሚያምር ሰማያዊ ሸፍኛቸው ነበር።

የእድሳት ቪዲዮዎቻችን ላይ ያለኝ ትችት ይኸው ነው፤ ሁሉም ያለ ጭነት የተለኩ ናቸው። ቀን፣ ደረቅ ሜዳ ላይ፣ ሞተር ለአሥር ሴኮንድ ተነስቶ። ማታ፣ በዝናብ፣ ዋይፐር፣ መብራትና ፍሬቻ በአንድ ላይ ሲሠሩ፣ ከኋላ ሰው ተቀምጦ ማንም አያሳየንም። የእኔ ቪዲዮ 12.5 ነበር። ቸርችል ላይ 9.1 ሆነ።

ሁሉንም ለመቀየር ወሰንን። ዝርዝሩን አላበዛም፣ ግን ከሠራነው ውስጥ የሚጠቅማችሁ ይኖራል። የባትሪው ኔጌቲቭ መጀመሪያ ይፈታል። ምንም ነገር ሳትነቅሉ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ቁጥሩን በወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ «አስታውሰዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። ሽቦ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ባለ አንድ ወፍራም ክር የቤት ሽቦ ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ መኪና ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ይሰበራል። ለፊት መብራት 2.5 ካሬ፣ ለትንንሾቹ 1 ካሬ ተጠቀምን። ብረት አልፎ የሚሄድ ሽቦ ሁሉ ጎሚኒ ይፈልጋል። ለፊት መብራቱ ሪሌ አስገባን፣ ለዋናው ቀይ ሽቦ ፊውዝ ጨመርን፤ ኦሪጅናል ነው ወይ ለምትሉኝ፣ አይደለም። አንድ የሚገርመው ነገር፣ የፋብሪካው የ6 ቮልት ሽቦ ለ12 ቀጭን አይደለም፣ እንዲያውም ይበዛል፤ ለአንድ ዓይነት ዋት 6 ቮልት እጥፍ አምፔር ስለሚፈልግ በወፍራሙ ነው የተሠራው። ልባሱ ባይፈረፍር ኖሮ ልንተወው እንችል ነበር።

አሮጌውን ጥቅል አውጥተን ግቢው ውስጥ ወለል ላይ ዘረጋነው። አባቴ በረንዳ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ወረደና ጎንበስ ብሎ አንድ ቢጫ ሽቦ አነሳ።

«ይቺን እኔ ነኝ የቀጠልኳት። ዕቃ በማይገኝበት ጊዜ፣ አንተ ሳትወለድ። ደሴ መንገድ ላይ፣ በማታ።»

ምን እንደምለው አላወቅሁም። ዕድሳት ላይ የሚጽፉ ሰዎች የቆየ ጥገናም ታሪክ ነውና ይጠበቅ ይላሉ። ለግድግዳ፣ ለወንበር፣ ለቀለም እስማማለሁ። ሽቦ ላይ ግን አልስማማም፤ ታሪኩ ከእህቴ ሥር ሲጤስ አይቻለሁ። ይሁንና ቢጫዋን ሽቦ ስለካት፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ በጭነት ከግማሽ ቮልት በታች የበላች እሷ ነበረች። ነገርኩት።

«ታዲያ ለምን አወጣሃት?» አለኝ።

«አባዬ፣ ቢጫ አጭር መብራት ነው፣ ይቺ ግን ክላክስ ላይ ነበረች።»

ሳቀ። ሽቦዋን ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት።

አሁን ዋይፐሩ የ12 ነው፣ ሬዚስተሩ የለም፣ ፊውዞቹ መሞት ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ወደ ግራ በደንብ ስትጠመዘዝ ክላክሱ በራሱ አንዴ «ጲጵ» ይላል። የክላክሱ ሽቦ በመሪው ዘንግ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ አንድ ቦታ እየተላጠ መሆን አለበት። ቅዳሜ ጋሼ ጋ ቀጠሮ አለን።