የ17 ዶቃ ክር

ሮደሪክ ግሪጎሪና ሂልዳ ትሬሲ በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የጨጓራ አሲድ የሚያስመነጨውን ሆርሞን፣ ጋስትሪንን፣ አጥርተው ለማውጣት የተነሡት ከቄራ በመጣ የአሳማ ጨጓራ ነው። ከጨጓራው የሚፈልጉት የታችኛውን ጫፍ፣ ወደ አንጀት የሚጠብበውን ብቻ ነበር። የዚያ የውስጥ ስስ ሽፋን ይገፈፋል፤ ይፈጫል፤ በፈላ ውሃ ይቀቀላል።

ከሥራው ሁሉ ይህን መቀቀል እወደዋለሁ። ትልልቆቹ ፕሮቲኖች ሙቀት ሲነካቸው እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋሉ። ጋስትሪን ግን አጭር ክር ነው፤ ሙቀት የሚያፈርሰው እጥፋት የለውም። ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል።

ክሩን 17 ዶቃ እንደተሰካበት ማተብ እንየው። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው። ከ6ኛው እስከ 10ኛው ያሉት አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ግሉታሚክ አሲድ። አምስቱም ኔጌቲቭ ቻርጅ አላቸው። እናም ፈሳሹ ፖዘቲቭ ቻርጅ ካለው ሴሉሎስ ጋር ሲገናኝ ክሩ እዚያው ይያዛል። ሂስታሚን የሚባለው ሌላ ንጥረ ነገር ግን ራሱ ፖዘቲቭ ስለሆነ አይያዝም። ይህ መለያየት ትልቅ ነገር ነው። ተመራማሪው ኤድኪንስ በ1905 ጋስትሪን የሚባል ሆርሞን አለ ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ብዙዎች «ይህ ሂስታሚን ነው» እያሉ ለዓመታት ተጠራጥረውታል። ሂስታሚንም የጨጓራ አሲድ ያስመነጫልና።

የተያዘው ክር በጨው ውሃ ይለቀቃል፤ ደጋግሞ ይጣራል። የተጣራው ለውሻ ይሰጥና ከጨጓራው የሚወጣው አሲድ ይለካል። በ1964 ውጤቱ ሲታተም ጋስትሪኑ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ልዩነታቸው 12ኛው ዶቃ ላይ ብቻ ነው፤ በአንደኛው ታይሮሲኑ ሰልፌት ተንጠልጥሎበታል፣ በሌላው የለም። የሚለያያቸው ይህች ብቻ ሆና ሳለ ለየብቻ አጥርተው አወጧቸው።

የዶቃውን ተርታ ያነበቡት፣ ክሩንም በቤተ ሙከራ መልሰው የሠሩት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ጆርጅ ኬነርና ባልደረቦቹ ናቸው። የክሩ ሁለት ጫፎች ዝግ ናቸው። የመጀመሪያው ዶቃ በራሱ ላይ ዞሮ ቀለበት ሠርቷል፤ የመጨረሻው በአሚድ ተቋጥሯል። አሲድ የማስመንጨት ኃይሉ ያለው በዚህ ቋጠሮ በኩል ነው፤ የመጨረሻዎቹ 4 ዶቃዎች ተቆርጠው ብቻቸውን ቢሰጡም ይሠራሉ።

ይህ ክር ከሕመም ጋርም ይያያዛል። በ1955 የኦሃዮ ቀዶ ሐኪሞች ዞሊንገርና ኤሊሰን የሁለት ሕሙማንን ታሪክ ጽፈው ነበር። አሲድ ያመጣው ቁስለታቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎም ይመለሳል፤ ቆሽታቸው ላይ ዕጢ አለ። ሐኪሞቹ አሲድ የሚያስመነጨው ከዕጢው የሚወጣ ነገር እንደሆነ ጠረጠሩ። ግሪጎሪና ትሬሲ ከሌሎች ጋር በ1960 ከእንዲህ ያለ ዕጢ ጋስትሪን መሰል ነገር አውጥተዋል። ጠርቶ ሲታይ የዕጢው ክርም እንደ ጨጓራው ሁሉ ባለ ሰልፌትና ያለ ሰልፌት ሁለት ነበር። በአሳማ ጋስትሪን 5ኛው ዶቃ ሜታዮኒን ነው፤ በሰው ሉሲን። በዕጢው ክር ላይም ሉሲን ነበር።