ችግኝ መቁጠር ማንግሮቭን አያድንም
«ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ተተከለ» ሲባል ደስ ይላል አይደል? ግን የት ነው የተተከለው?

ፊሊፒንስን እንይ። በደሴቶቿ ዳርቻ ማንግሮቭ የተባለው ዛፍ ጨዋማ ጭቃ ላይ ይበቅላል። ሥሩ የማዕበል ጉልበት ይሰብራል፣ የዓሣ ጫጩቶችን ይደብቃል። ኦክስጅን ያጣው ጭቃም ካርቦን አምቆ ያቆያል። ሥሩ ራሱ ግን አየር ይፈልጋል፤ የሚተነፍሰው ባሕሩ ሸሸት ሲል ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙው ማንግሮቭ ተመንጥሮ የዓሣ ኩሬ ሆነ። ኩሬዎቹ በሰው እጅ ስለነበሩ፣ የተከላ ዘመቻዎች ውኃ ረጅም ሰዓት ወደሚተኛበት ዝቅተኛ ጭቃ ወረዱ። ብዙው ችግኝ ታፍኖ ሞተ።

የተተወ ኩሬን ግድብ ከፍቶ ባሕሩን መመለስ ይሻላል፤ አቅራቢያው እናት ዛፍ ካለ ዘሩን ውኃው ራሱ ያመጣዋል። እናንተም «ስንት ተተከለ?» ሳይሆን «ስንቱ ጸደቀ?» ብላችሁ ጠይቁ።