አያ ጅቦ ያለ ማመኻኛ

በአማርኛ ተረት ውስጥ ከሚጠሩት አራዊት ሁሉ እንደ ጅብ ክፉ ስም የወጣለት የለም። አንበሳ ቢበላ ንጉሥ ስለ ሆነ ነው ይባላል፤ ጦጣ ብታታልል ብልህ ተብላ ትመሰገናለች፤ ጅብ ግን ሆዳምም፣ ፈሪም፣ ሞኝም ሆኖ ይቀርባል። ይሁን እንጂ ተራቹ ብዙ ጊዜ «አያ» የሚለውን የታላቅ ወንድም ማክበሪያ ጨምሮ ይጠራዋል። የሚጠላውን በዝምድና ስም የሚጠራ ተረት ከጥላቻው ሥር ሌላ ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

በተረት ክፉ ሆኖ የኖረውን ወስዶ ባለ ታሪክ ማድረግ በዘመናችን በውጭ አገር እጅግ ተለምዷል። አሜሪካዊው ግሪጎሪ ማጓየር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው «ዊክድ» በተባለው ልብ ወለድ የኦዝን ጠንቋይ የጨካኝ መንግሥት ተቃዋሚ አድርጎ አቀረባት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ማሌፊሰንት» የተባለው ፊልም ደግሞ በሕፃኗ ላይ እርግማን ያወረደችው ሴት አስቀድሞ የምትወደው ሰው ክንፎቿን እንደ ቈረጠባት ይተርካል። የአማርኛ ድርሰትም ለዚህ መንገድ እንግዳ አይደለም። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት «ቴዎድሮስ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» እንዲሁም የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ጭካኔው ብዙ የተወራበትን ንጉሥ አንባቢ እንዲያዝንለት አድርገዋል። እንግዲህ ጥያቄው አያ ጅቦ እንደዚሁ ሊጻፍ ይችላል ወይ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ቢጻፍ በምን መንገድ መጻፍ ይገባዋል የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ የሚሆነው ከራሱ ከቋንቋው ይገኛል። «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ተናጋሪው ሊበላ የተያዘው ነው፤ የሚያማርረውም በመበላቱ ሳይሆን በማመኻኘቱ ነው። ስለዚህ በሕዝቡ ፍርድ የጅብ ኀጢአት ረኃቡ አይደለም፤ ለረኃቡ የሐሰት ምክንያት መፈለጉ ነው። ፍርዱ እንዲህ ከሆነ፣ ለክፉው የቈሰለ ልብና የተቈረጠ ክንፍ ፈልጎ በዚያ ነፃ ሊያወጣው የሚጥር ደራሲ ሳያውቀው የጅብን ሥራ ይሠራል። ለባለ ታሪኩ ማመኻኛ ያቀብለዋል፤ የተበላው ግን እንደገና ይረሳል።

የተሻለው መንገድ ረኃቡን እንዳለ መተረክ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ስለማይበላ የሚጣለው አጥንትና ትርፍራፊ ያንሳል፤ በዚያ ወራት ጅብ አህያ መብላቱ ይበዛል። ሰው ሲጾም ጅብ ይራባል፤ ጅብ ሲራብ አህያ ይበላል። ይህ ማመኻኛ አይደለም፤ የሰውና የአውሬ ኑሮ የተያያዘበት ገመድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የተገለጠለት ደራሲ አህያውንም ሳይክድ ለጅቡ ሊያዝን ይችላል።

ጉዳዩ በአውሬ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ የልጆች ጨዋታ ተብሎ በታለፈ ነበር። በደጋው አገር ግን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቤተ እስራኤል «ቡዳ» እየተባሉ ሌሊት ጅብ ሆነው ይሄዳሉ ተብሎ ሲነገርባቸው ኖሯል። ማረሻውን የሠራው፣ ማሰሮውን የጋገረችው በጅብ ስም ተገፍተዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ማዘዛቸው ነቀፋው ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያስረዳል። እንግዲህ የተረቱን ጅብ ስም ማን አወጣለት ብሎ መጠየቅ የጎረቤትን ስም ማን አወጣለት ብሎ ከመጠየቅ አይለይም። «ዊክድ»ን ከ«ማሌፊሰንት» የሚያስበልጠውም ስም የሚያወጣውን ቤተ መንግሥት መመርመሩ ነው።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ይህ ጥያቄ ሌላ ክብደት አለው። በዚያ ባለው ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ ክምር ብዙ ድኾች ሌላው የጣለውን እየለቀሙ ይተዳደሩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ትርፍራፊ መልቀምን የሆዳምነት ምልክት አድርጎ የሚያስቅ ተረት በዚያ ሰፈር ለሚያድግ ልጅ ሲነገር፣ ሣቁ በማን ላይ እንደሚያርፍ ተራቹ ሊያስብበት ይገባል።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ምሳሌው በጅቡ ይሣለቃል፤ በክብር ሊቀመጥ የሚችለው ስሙ ባልደረሰበት አገር ብቻ ነውና። የሐረር ልማድ ግን ይህን ያፈርሰዋል። በግንቡ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለ፤ በአሹራ ቀንም ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉም የመጪው ዓመት ዕድል ምልክት ተደርጎ ይታያል። የሐረር ሰው ጅብ አይበላም አላለም፤ ማመኻኛም አልፈለገለትም፤ በሚያውቀው አገር፣ እያወቀው፣ ቁርበት አነጠፈለት። አያ ጅቦን ባለ ታሪክ ሊያደርግ የሚነሣ ደራሲ ከዚህ የበለጠ መምህር አያገኝም።