አስፈሪውና አስቂኙ በአንድ ገጽ

የካቲት 16 ቀን፥ በደብረ ታቦርም ሆነ በጋይንት፥ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከተአምረ ማርያም እየሰማ ያደገ አንባቢ አስፈሪውን ነገር ከልጅነቱ ያውቀዋል። 78 ነፍስ የበላው ሰው በጥርኝ ውኃ ይመዘናል፤ ሰሚው አስቀድሞ ይሰቀጥጠዋል፥ ኋላም ያለቅሳል።

የዘመኑ ልብ ወለድ ግን ጭራቁን የሚያመጣው በሣቅ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓመተ ምሕረት በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሣሉት ፊታውራሪ መሸሻ የሚበሉት የሰው ሥጋ ሳይሆን የባላገሩን ላብ ነው። በስተርጅናቸው ገባሮቻቸውን ሊወጉ ዘምተው ሲማረኩ አንባቢው ከት ብሎ ይሥቃል። ነቀፌታ ቢኖር እዚህ ላይ ነው፤ ሣቁ እጅግ ስለ በረታ የገባሩ ዕንባ ለጊዜው ይረሳል። በበላዔ ሰብእ ታሪክ ውኃ የለመነው ድውይ ከሰሚው ዓይን አይጠፋምና። ደራሲው ይህን ሳያስተውሉት የቀሩ አይመስልም፤ ማራኪውን አበጀ በለውን ከሣቁ ውጪ አቁመውታል፥ በእርሱ የሚሥቅ አንባቢ የለም።