ጭማሪ ሩዝ የጠየቀችው ሴት

ከጂቡቲ የሚመጡ ከባድ መኪኖች ለጉምሩክ ፍተሻ ሚሌ ላይ ስለሚቆሙ የከተማዋ ምግብ ቤቶች ዋና ደንበኛ ሾፌር ነው። ሾፌር እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ጭማሪ እንጀራው ሳይጠይቅ ይመጣለታል። ሴት ብቻዋን ገብታ ያንኑ ምግብ ብታዝ ግን አንድ እንጀራ ይበቃታል ተብሎ ይታሰባል፤ ድገሙኝ ካለች አስተናጋጁ ቀና ብሎ ያያታል።

የዩዛኪ ሳካኦሚ የጃፓን ማንጋ (የሥዕል መጽሐፍ)፣ «ማብሰል የምትወድ ሴት እና መብላት የምትወድ ሴት»፣ ይህችን ትንሽ አድልዎ ይዞ ነው የሚነሳው። ካሱጋ የምትባለው ገጸ ባሕርይ ምግብ ቤት ገብታ የምታዘው ወንዶቹ የሚያዙትን ነው፤ የእሷ ሩዝ ግን ተቀንሶ ይቀርብላታል። ቀናሹ በጎ ያደረገ መስሎታል። ካሱጋም ሳትቆጣና ሳትሽኮረመም እንደሌላው ሰው ልክ እንዲሰጣት ትጠይቃለች። በልጅነቷ ቤት ጥሩውና ብዙው ለአባትና ለወንድም ነበርና፣ የዚያች ሳሕን ጉዳይ ለእሷ ቀላል አይደለም። በሴቶች መካከል ስላለ ፍቅር ከሚተርኩት የጃፓን የሥዕል መጻሕፍት አንድ ምረጥ ብባል ይህን የምመርጠው ስለዚህ ነው፤ ፍቅሩን የሚለካው በምግብ ድርሻ ነው።

የመጀመሪያው ጥራዝ በ2021 («ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) በካዶካዋ አሳታሚ ወጣ፤ የጃፓኑ ኤንኤችኬ ቴሌቪዥን በ2022 ድራማ አደረገው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ በ2024 ታየ። ታሪኩ ቀጭን ነው። ኖሞቶ ማብሰል ነፍሷ ነው፤ ነገር ግን ብቻዋን ትኖራለች፣ የምትበላውም ጥቂት ነው። መሥሪያ ቤት ምሳ ዕቃዋን የሚያዩ ወንዶች «የሚያገባሽ ታድሎ» ዓይነት ምርቃት ያዘንቡባታል፤ እሷ ደግሞ ለራሷ ደስታ የምትሠራው ነገር ሁልጊዜ ለአንድ ወንድ ተብሎ መተርጎሙ ያንገበግባታል። አንድ ቀን በአሳንሰር ያገኘቻት ረጅም፣ ግዙፍ ጎረቤቷ ካሱጋ የተጠበሰ ዶሮ ተሸክማ ነበር። እንግዳ አለብሽ ወይ ስትላት፣ ሁሉንም ብቻዋን እንደምትበላው ትነግራታለች። ኖሞቶም ምግብ አብዝታ ስትሠራ የካሱጋን በር ታንኳኳለች።

ያ የመጀመሪያ የጋራ ምግብ ሩዝ ላይ የሚፈስ የታይዋን የአሳማ ወጥ ነው፤ ሚሌ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይነካው። ቢሆንም ገጹን ሳይራቡ መገልበጥ ያስቸግራል። ዩዛኪ ካሱጋን ስትበላ ሲሥሉ አያሳንሷትም፣ አያሳቅቋትም። አፏ በሰፊው ይከፈታል፣ ጉንጯ ይሞላል፣ ፊቷ ግን ያው ዝም ያለ ፊት ነው። ኖሞቶ ከማዶ ተቀምጣ የምታያት አስተያየት ነው የፍቅር ታሪኩ። ጉርሻ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሊያስረዱት አያስፈልግም። (ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ ቁርዓን ቤት ያደገ የሚሌ ልጅ ከእኔ ቀድሞ ይለምደዋል።)

ከምግቡ ሁሉ ያስገረመኝ ግን አለመብላት የተሣለበት መንገድ ነው። ኋላ የምትመጣው ጎረቤታቸው ናጉሞ ሰው ፊት መብላት አይሆንላትም። እኛ ብንሆን «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ብለን እናስጨንቃት ነበር፤ ፍቅራችን እንደዚያ ነዋ። ኖሞቶና ካሱጋ ግን ሳትበላም አብራቸው እንድትቀመጥ ቦታ ይሰጧታል።

የዚህ መጽሐፍ ክብደት የሚታየው ከቀደሙት ጎን ሲቀመጥ ነው። ጃፓናዊቷ ደራሲ ዮሺያ ኖቡኮ ከ1916 ጀምሮ የጻፈቻቸው የልጃገረዶች ታሪኮች በናፍቆትና በመለያየት የተሞሉ ነበሩ። የዘርፉ የመጀመሪያ ማንጋ ተደርጎ የሚጠቀሰው የ1971ዱ የያማጊሺ ሪዮኮ ሥራም ከሁለቱ ሴቶች አንዷን በሞት ነው የሚያሰናብተው። የዮሺያ የራሷ ሕይወት ግን ከድርሰቷ ይለያል፤ ከሞንማ ቺዮ ጋር ሃምሳ ዓመት ያህል ኖራለች። የሚያጋባቸው ሕግ ስላልነበረም በ1957 በጉዲፈቻ ልጅነት አስመዘገበቻት። ዩዛኪ የሣሉት ያንን ነው፣ ድርሰቱ ሲሸሸው የኖረውን ተራ የቤት ውሎ፦ ገበያ መውጣት፣ ማብሰል፣ ዕቃ ማጠብ።

ጉድለቱም ትንሽ አይደለም። ጥራዙ በገፋ ቁጥር ሰዎቹ ችግራቸውን እንደ ሐኪም ቤት ካርድ ይዘው መግባት ይጀምራሉ። ኖሞቶ በኢንተርኔት የተዋወቀቻት ያኮ ስለ ራሷ ስታወራ አንዳንዴ ጓደኛ ሳትሆን የሥልጠና መምህር ትመስላለች። ወንዶቹማ ከሞላ ጎደል ስም የላቸውም። የካሱጋ አባት አያቷን እንድትጦር ወደ ቤት ግቢ ይላታል፤ እሷ እምቢ ትላለች። ወላጅ መጦር በሴት ልጅ ጫንቃ ላይ በሚወድቅበት አገር ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ደራሲው ግን ለአባትየው ከትእዛዝ በቀር ሌላ ፊት ስላልሰጡት ፍርዱ ቀለለ። አስቸጋሪ አባት ማለት አንዳንዴም የሚያሳዝን አባት ነው፤ ያ ተዘሏል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ርዕስ ማንሳት ራሱ አፍ የሚያስይዝ እንደሆነ አውቃለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይከለክላል፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም አቋማቸው የታወቀ ነው። ልቦለድ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የመኝታ ቤት ትዕይንት የለም፤ ያለው ወጥ ቤት ነው። አንባቢው በምንም ቢያምን፣ አብስሎ ለሌላው አቅርቦ ራሱ ጓዳ ገብቶ የተረፈውን የሚበላው ማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።

ይህን ወዶ ሌላ ለሚሻ፣ የሺሙራ ታካኮ «ሰማያዊ አበቦች» (2004–2013) ቀጥሎ ይነበብ፤ በካማኩራ ከተማ ያሉ የሁለት ልጃገረዶች ጓደኝነት በስምንት ጥራዝ ቀስ ብሎ ይበስልበታል። የናጋታ ካቢ የ2016 ግለ ታሪክ ስለ ብቸኝነትና ድባቴ ከሁሉም ይልቅ ደፋር ነው፤ በሐዘን ላይ ላለ ሰው ግን አልሰጥም። ብዙ የተሸጠውን «ሲትረስ» ይለፉት፤ ማስገደድን ፍቅር ብሎ ይሸጣል። የዩዛኪን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥራዞች ግን ያንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ካለው፣ ከናጉሞ በቀር፣ ሌላው ቢቀር ብዙ አይቀርብዎትም።