የኩላሊትን ደም ግፊት የውኃ ጎማ አያስረዳውም

«ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ቅዳ ሲጠብ የደም ግፊት ለምን ይጨምራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የውኃ ጎማ ነው፦ በጣት ሲጫኑት ግፊቱ ይጨምራል። ምሳሌው ቀላል ነው፤ ዋናውን ነገር ግን ይዘለዋል። የጠበበው እኮ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ከጥበቱ በኋላ ያለው ግፊትም ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ታዲያ ክንድ ላይ ሲለካ ለምን ከፍ ይላል?

በጮቄ ተራራ ግርጌ ላደገ ልጅ የመስኖ ቦይ የተሻለ ምሳሌ ነው። የአንድ ገበሬ ቦይ በድንጋይ ተዘጋ እንበል። ገበሬው ድንጋዩን ስላላየ «ውኃ አነሰ!» ብሎ ለውኃ አባት ይጮኻል። የውኃ አባት ዋናውን ቦይ ይለቃል፤ የጎረቤት ማሳ ሁሉ ይጥለቀለቃል።

የኩላሊት ጩኸት ሬኒን ይባላል። የሚደርሰው ደም ግፊቱ ሲቀንስ ሬኒን ያመነጫል። በዚህ ሰበብ የሚፈጠረው አንጂዮቴንሲን የመላ ሰውነትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ በአልዶስቴሮን በኩልም ጨውና ውኃ በሰውነት እንዲቀር ያደርጋል። ሃሪ ጎልድብላት በ1934 እ.ኤ.አ. የውሾችን የኩላሊት ደም ቅዳ በመቆንጠጫ አጥብቦ የደም ግፊታቸው ሲጨምር አሳይቷል።

የጎማው ምሳሌ ሌላም ጉዳት አለው፤ «ቧንቧው ከሰፋ በሽታው አለቀ» ያሰኛል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮራል የተባለ ጥናት ከ900 በላይ ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። ስብ ተጋግሮ ደም ቅዳቸው ለጠበበባቸው ሰዎች፣ ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ማስፊያ ስቴንት መግባቱ የልብና የኩላሊት አደጋን ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሰም። ለረጅም ጊዜ የቆየ ግፊት ኩላሊቱንና ሌሎቹን የደም ሥሮች ቀድሞ ይጎዳልና።

ኢናላፕሪልንም አስቡ። ይህ መድኃኒት አንጂዮቴንሲን እንዳይፈጠር ይከላከላል፤ ጩኸቱ እንዳይሰማ ያደርጋል እንደማለት ነው። የጎረቤት ማሳ ይተርፋል። የሁለቱም ኩላሊቶች ደም ቅዳ ጠቦ ከሆነ ግን ቦዩ የተዘጋበት ማሳ ሊደርቅ ይችላል። ሐኪም የክሬአቲኒን ምርመራ የሚያዘው ለዚህም ነው። ጎማው ይህንን ከቶ አያስረዳም።

ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የ20 ዓመት ወጣት ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ «ሐሳብ በዝቶበት ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በወጣቶች ላይ እንደ ታካያሱ ያለ የደም ሥር ብግነት ደም ቅዳውን አጥብቦት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ማስፋቱም ሊጠቅም ይችላል። ግፊቱን ከማውረድ ጎን ለጎን ድንጋዩ የት እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል።